በወረርሽኝ ጊዜ የጤና መረጃን ከስልክ ላይ አጣርቶ መያዝ፦ ለጎንደርና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር ብዙ ሰው መልስ ፍለጋ የሄደው ወደ ስልኩ ነበር። ይህ ነውር የለበትም። ጤና ጣቢያው ሲጨናነቅና ከቤት መውጣት ሲያስፈራ ቅርብ ያለው እሱ ነው። ነገር ግን ሰውን የሚጎዳው ከባዶ የተፈጠረ ወሬ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው መጠኑ ወይም ቀኑ የተቆረጠበት፣ ለማን እንደተባለ የማይናገር እውነት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፖስት ላይ አራት ነገር ይፈልጉ፦ ማን አለ፣ መቼ አለ፣ ለማን አለ፣ ምን ያህል አለ። አንዱ ከጎደለ መረጃው ገና አልተሟላም፤ አይዋጥም፣ አይተላለፍም።

1. ስልኩን አስቀድሞ ማዘጋጀት

በሽታው ሰፈር ከገባ በኋላ ትክክለኛውን ገጽ መፈለግ ከባድ ነው፤ ያኔ በሁሉም ስም አስመሳይ ይከፈታል። በሰላሙ ጊዜ እነዚህን ይመዝግቡ፦ 8335 የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ 952 የጤና ሚኒስቴር፣ 8482 የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። ሦስቱም ነጻ የስልክ መስመሮች ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ፣ የቀበሌዎን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክና የአምቡላንሱን ቁጥር ይጨምሩ። አዘዞ ያለ ሰው የአዘዞውን፣ ማራኪ ያለ ሰው የማራኪውን ጤና ጣቢያ ስልክ በአካል ሄዶ ቢጠይቅ ይሻላል፤ በኢንተርኔት የሚዞሩ የጤና ጣቢያ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ያረጁ ናቸው። ሁሉንም በወረቀት ጽፈው በር ጀርባ ይለጥፉ። መብራት ሲጠፋ ስልክ ይዘጋል፤ የቤቱ አዋቂም ማንበብ ባይችል ጎረቤት ያነብለታል።

ቀጥሎ የሚከተሏቸውን ገጾች ይምረጡ። አምስት ወይም ስድስት ይበቃሉ፦ ጤና ሚኒስቴር፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ፣ የአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ የጎንደር ከተማ ጤና መምሪያ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የዓለም ጤና ድርጅት። ከመቶ ቻናል የሚመጣ መረጃ እርግጠኛ አያደርግም፤ ያደነዝዛል እንጂ።

ገጹ የእውነት የእነሱ መሆኑን የሚያረጋግጡት እንዲህ ነው፦

ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ በስም አይፈልጉ። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ይክፈቱ፤ የመንግሥት ድረ ገጽ አድራሻ በ«ጎቭ ዶት ኢቲ» ያልቃል፣ የዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ«ኢዱ ዶት ኢቲ»። እዚያ ታች ላይ ያሉትን የፌስቡክና የቴሌግራም ምልክቶች ተጭነው ይግቡ። ይህ መንገድ አስመሳዩን ገና ከበሩ ይመልሰዋል።

ፌስቡክ ላይ «ስለ ገጹ» በሚለው ሥር የገጹ ግልጽነት የሚል ክፍል አለ። ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ አስተዳዳሪዎቹ ከየት አገር እንደሆኑ ያሳያል። ከሦስት ሳምንት በፊት የተከፈተ ወይም ቀድሞ የጫማ መሸጫ የነበረ ገጽ የሆስፒታል ስም ቢይዝ ይተዉት።

ቴሌግራም ላይ የቻናሉን ስም ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መለያ ያንብቡ። ስምን ማንም ይገለብጠዋል፤ መለያው ግን ለአንድ ብቻ የሚሰጥ ነው። አስመሳዮች አንድ ፊደል ይደግማሉ፣ «ኦ»ን በዜሮ ይተካሉ፣ ወይም መሐል ላይ ሰረዝ ይጨምራሉ። ወደ ላይ ሄደው የመጀመሪያዎቹን ፖስቶችም ይዩ።

ሰማያዊ ምልክቱን ብቻ አይመኑ። በትዊተር (በአሁኑ ስሙ ኤክስ) ከ2022 እ.ኤ.አ.፣ በፌስቡክ ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልክቱ በክፍያም ይገኛል።

2. መልእክት ሲደርስ መጀመሪያ ቀኑን ማየት

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ የሚያሳስት ቦታ ነው፣ እኛ አገር ሁለት አቆጣጠር ስላለን። «በ2020 የወጣ» የሚል ጽሑፍ ለአንዳንዱ ሰው ገና የሚመጣ ዓመት፣ ለሌላው ያለፈ ወሬ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀንሱ፤ ከፈረንጆቹ ጥር 1 እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8። በዚህ ስሌት የፈረንጆቹ መጋቢት 2020 የእኛ 2012 ነው፤ ጥቅምት 2020 ግን 2013 ነው። ፖስቱ የትኛውን አቆጣጠር እንደያዘ ካልገለጸ ላኪውን ይጠይቁ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ክትባት 8:00 ይጀመራል» የሚል ማስታወቂያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስድስት ሰዓት ተሳስቶ አረጋዊ እናትን ፀሐይ ላይ ማሰለፍ ከዚህ ይመጣል። ደውለው ያጣሩ።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? አዲስ በሽታ ሲመጣ ምክሩ ራሱ ይለዋወጣል። በኮሮና መጀመሪያ ወራት የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ሰው ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ አይመክርም ነበር፤ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ግን ርቀት መጠበቅ በማይቻልበት ቦታ የጨርቅ ማስክን መከረ። ሁለቱም ፖስት የድርጅቱ ነው። ተቃራኒ የሆኑት ቀናቸው ስለሚለያይ ነው፤ የሚሠራው የኋለኛው ነው። የቀድሞውን ይዞ «ራሳቸው አያስፈልግም ብለዋል» የሚል ሰው እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ቀኑን አላየም።

የደብዳቤ ፎቶ ከደረሰዎት ቁጥሩንና ቀኑን፣ ማኅተሙንና የፈራሚውን ማዕረግ ይመልከቱ። በሐሰት የተሠራ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አርማው የደበዘዘ፣ ፊደሉ መሐል ላይ የሚቀየር፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም የድሮው ነው። ይህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ያው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቱ በራሱ ገጽ ላይ ካልተገኘ እንደ እውነት አይያዝ። በጥምቀት ሰሞን «በዓሉ ተሰርዟል» ወይም «መንገድ ተዘግቷል» የሚሉ ደብዳቤዎችን የከተማ አስተዳደሩ ገጽ ላይ ያጣሩ።

3. ለማን ነው፣ ምን ያህል ነው?

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

ዴክሳሜታዞንን እንይ። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ የተደረገ ትልቅ ጥናት መድኃኒቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ የኮሮና ሕመምተኞችን ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳወቀ። ዜናው እውነት ነው። በየስልኩ ሲዞር ግን «ለኮሮና መድኃኒት ተገኘ፣ ርካሽ ነው፣ ፋርማሲ አለ» ሆነ። የተቆረጠው ክፍል ይህ ነው፦ ጥቅሙ የታየው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ብቻ ነው። ኦክስጅን በማያስፈልጋቸው ላይ ጥቅም አልታየም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ስኳርን ያንራል፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል። በሆስፒታል የተሰጠው በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን፣ በሐኪም ክትትል ነው። ጉንፋን መሰል ስሜት ይዞት ቤቱ የተኛ ሰው ይህን መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ የለበትም።

ኮሮናን ያድናል ተብሎ የተወራለት የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ወባ በሚበዛባቸው በደንቢያና በመተማ በኩል ብዙ ቤት ያውቀዋል፣ የተረፈ ፍሬ ሊገኝ ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሆስፒታል የኮሮና ሕመምተኞችን ሞት እንደማይቀንስ አሳይተዋል። መጠኑ ሲያልፍ የልብን ምት ያዛባል፤ ለሕፃን ጥቂት ፍሬ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የተረፈውን ልጅ ከማይደርስበት ያርቁ።

ቁጥር ያለበት ፖስት ከሆነ ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ሳያመሳክሩ አይጠቀሙ። ለተቅማጥ በቤት የሚዘጋጀው ውህድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትክክለኛው 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ስኳርና ጨው ቦታ ቢቀያየሩ ሕፃኑን የሚያንቀጠቅጥና ሊገድል የሚችል ውኃ ይሆናል። «ልሙጥ» የሚለው ቃል ሲዘለል ደግሞ በክምር ማንኪያ ይለካና ጨው ይበዛል። ኮሌራ በ2015 ዓ.ም. በቋራ በኩል እንደታየው ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ልክ ጽፈው ይያዙት። ፋርማሲ የሚሸጠው የታሸገው ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ከተገኘ ግን እሱ ይቀድማል።

በረኪናም እንዲሁ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለበር እጀታና ለጠረጴዛ 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውኃ፤ ደም፣ ትውከት ወይም ሰገራ ለነካው ቦታ 1 እጅ ለ9 እጅ ውኃ። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፤ ያደረና ፀሐይ የመታው ኃይሉ ይደክማል። ከአቼቶ ወይም ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። አይጠጣም፣ ገላ ላይ አይረጭም።

አረቄ ቫይረስን ይገድላል የሚለውን ደግሞ በሁለት ይክፈሉት። እጅ ለማጽዳት አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ የቤት አረቄ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ሲጠጣ ደግሞ ሆድ ውስጥ የሚያድነው ነገር የለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ በዚህ እምነት ሜታኖል የተባለ መርዝ የገባበት አልኮል ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ የቤታችን ናቸው፤ ጉሮሮ ያለዝባሉ፣ የተዘጋ አፍንጫ ሲከፈት ደስ ይላል። ከኮሮና እንደሚያድኑ ግን አልተረጋገጠም። ሁለት አደጋ አለ፦ በባዶ ሆድ በብዛት ሲበሉ ጨጓራ ያቃጥላሉ፤ ከዚያ የሚከፋው «ፌጦ ወስጄአለሁ» ብሎ ከጤና ጣቢያ መዘግየት ነው። በፈላ ውኃ የሚታጠን ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ድስቱ ተገልብጦበት ይቃጠላል።

ስለ ጠበል፦ እየጠጡና እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ ይቻላል። «ጠበል ከጀመርክ የኤችአይቪ፣ የቲቢ ወይም የስኳር መድኃኒትህን አቁም» የሚል ፖስት ግን ሰው ይገድላል፤ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ይለምደዋል።

«መድኃኒት ተገኘ» ሲባል የት ደረጃ ላይ እንዳለ ይጠይቁ። ከቤተ ሙከራ እስከ ፋርማሲ ያለው መንገድ በእንስሳት፣ ከዚያም በሰው ላይ በሦስት ደረጃ ያልፋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአገራችን ከባህላዊ ዕፅዋት የተዘጋጀ ነገር የመጀመሪያውን የቤተ ሙከራ ደረጃ አለፈ ሲባል፣ በብዙ ስልክ ላይ የደረሰው «ኢትዮጵያ መድኃኒት አገኘች» የሚል ነበር። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ቫይረስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድላል።

ጉዳት የሚያወራ ፖስት ሲያነቡ ደግሞ «ከስንት ሰው ስንት?» ይበሉ። የመጀመሪያው የአስትራዜኔካ የኮሮና ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር ውስጥ ሲገባ፣ ደም ያረጋል የሚል ወሬ ከአውሮፓ ተከትሎት መጣ። ጉዳቱ በእርግጥ አለ፤ የሚደርሰው ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው፣ ከመቶ ሺህ ተከታቢ በአንድ አካባቢ። የሚጠቅመው መረጃ ምልክቱ ነው፦ ከተከተቡ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም የአንድ እግር እብጠት ከመጣ ወደ ሆስፒታል። የመድኃኒትና የክትባት የጎንዮሽ ጉዳት በ8482 ይነገራል።

4. ፎቶ፣ ቪዲዮና «ሐኪም»

ፎቶን በጉግል ሌንስ ይፈትሹ፤ ቀድሞ የት እንደወጣ ያሳያል። ለቪዲዮ ሙሉውን መጫን አያስፈልግም፤ ፊት ወይም የመንገድ ምልክት የሚታይበትን አንድ ስክሪንሹት ይበቃል፣ ዳታም ይቆጥባል። የሐኪም ንግግር 30 ሰከንዱ ተቆርጦ ከመጣ ሙሉውን በዩቲዩብ ይፈልጉ፤ «ይህን የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር መጨረሻው ተቆርጦ ተቃራኒውን እንዲናገር ይደረጋል። አሁን ድምፅና ፊትም በማሽን ይሠራል። የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከማየት ይልቅ ያው ቪዲዮ በሰውየው ወይም በሆስፒታሉ ገጽ ላይ መኖሩን ማየት ይሻላል።

ነጭ ጋዋን ማስረጃ አይሆንም። ሙሉ ስም፣ የሙያ ዘርፍና የሚሠራበት ቦታ ካልተገለጸ ምክሩን አይከተሉ። «ዋጋውን በውስጥ መስመር» የሚል ሁሉ ነጋዴ ነው።

ሌላም አለ፦ አምስት ቻናል ያው ወሬ ቢኖራቸው አምስት ምንጭ አይደሉም። አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካላቸው ከአንድ ቦታ ተገልብጠዋል። ሁለተኛ ምንጭ የሚባለው ወሬውን በራሱ መንገድ ያገኘ ነው።

5. ጥያቄ ሲጠይቁ

«እናቴ ታማለች፣ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ በግሩፕ ላይ አርባ መልስ ያመጣል፤ አንዱም ላይጠቅም ይችላል። የሕመምተኛውን ዕድሜና ፆታ፣ የጀመረበትን ቀን፣ ትኩሳቱ በቴርሞሜትር ስንት እንደሆነ፣ ትንፋሹን፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ወይም እርግዝና መኖሩን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና የማይስማማውን ይጻፉ። ይህንን ወደ 8335 ደውለው ይንገሩ ወይም ለሚያውቁት ባለሙያ በግል ይላኩ። ስም፣ ፎቶና የምርመራ ወረቀት በግሩፕ ላይ አይለጠፍም፤ ከወጣ አይመለስም፣ በሰፈር የሚያስከትለው መገለል ከበሽታው በኋላም ይቆያል።

እነዚህ ሲታዩ መጠየቁን ትተው ይሂዱ፦ ዐረፍተ ነገር መጨረስ የማይችል ትንፋሽ፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ መቃዠት ወይም አልነቃ ማለት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ሕፃን ጡት መጥባት ሲያቆም።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ያለው ሰው አንድ የአካባቢ ነገር ይወቅ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ ጤነኛ ሰው እዚህ ሲለካ ቆላ ካለው ሰው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። «ከ95 በታች ከሆነ ሩጥ» የሚለው ፖስት ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሳሉ ለክተው የራስዎን ቁጥር ይያዙ። ሲታመሙ ከዚያ ቁጥር 3 ወይም 4 ከወረደ ይደውሉ፤ ከ90 በታች ከሆነ በየትኛውም ከፍታ ቢሆን ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ እጅዎን ያሙቁ፤ ጥፍር ላይ ቀለም ወይም እንሶስላ ካለ ሌላ ጣት ይጠቀሙ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል ቁጥሩ ደህና ሆኖ ትንፋሽ ካጠረ ትንፋሹን ይመኑ።

6. የተሳሳተ መልእክት ቤተሰብ ሲልክ

በዕድር ወይም በዘመድ ግሩፕ ላይ ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት ማረም ሰውየውን ያሳፍራል፤ ወሬውንም አያቆምም። በግል ይደውሉ፦ «እትዬ፣ የላኩትን አየሁት፤ ለእኛ አስበው እንደሆነ ገብቶኛል። 8335 ደውዬ ጠየቅሁ፣ ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን ላይ ላሉት ብቻ ነው አሉኝ። እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሰማሉ።» በዚህ መንገድ ላኪዋ ራሷ አራሚ ትሆናለች። ሲያርሙ ትክክለኛውን ያስቀድሙ፤ ውሸቱን ደጋግሞ መጥራት እሱ ብቻ እንዲታወስ ያደርጋል።

ማንበብ ለማይችሉ የድምፅ መልእክት ይላኩ። ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ማን እንዳለው፣ ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለባቸው፣ መጨረሻ ላይ የሚደውሉበትን ቁጥር ይናገሩ። ቀን የሌለው የድምፅ መልእክት ከዓመት በኋላም እንደ አዲስ ይዞራል።

ዋትስአፕ ላይ ሁለት ቀስት ያለበት መልእክት ብዙ እጅ ያለፈ ነው፤ ላኪው ዘመድ ቢሆንም ጸሐፊው እሱ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ከዳታ ቅንብሩ ያጥፉት፤ ዳታ ይተርፋል፣ ያላዩትንም አያስተላልፉም።

ዳታ ሲቋረጥ ተራ የስልክ ጥሪ የሚሠራ ከሆነ 8335 እና 952 ይደውሉ፤ የከተማውን ኤፍኤም ይክፈቱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቁ። የመጨረሻውን ትክክለኛ ምክር በስክሪንሹት ከነቀኑ አስቀምጠው ከቆዩ ያኔ ይጠቅማል።

ሐሰተኛ ገጽ ካገኙ ከማመልከትዎ በፊት መለያው፣ ቀኑና ጽሑፉ በአንድ ላይ የሚታይበት ስክሪንሹት ያንሱ፤ ገጹ ሲጠፋ ማስረጃውም ይጠፋልና። ከዚያ በሦስቱ ነጥቦች ገብተው ሪፖርት ያድርጉ፤ መድኃኒት የሚሸጥ ከሆነ ስክሪንሹቱን ይዘው 8482 ይደውሉ።